በመስጂዱ ግቢ የነደደው መታወቂያ፦ ከጆሃንስበርግ 1908 ለዛሬ ወጣት



ሰሞኑን መታወቂያ የሁላችንም ወሬ ሆኗል። ባንክ ሂሳብ ለመክፈት ስንሄድ ፋይዳ አምጡ እንባላለን። ውጭ አገር ያሉ ወንድምና እህቶቻችን ደግሞ አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ፊታቸውን ለስልካቸው ካሜራ አሳይተው ዕድሜያቸውን እንዲያረጋግጡ እየተጠየቁ ነው። በዚህ መሐል በየሻይ ቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «መታወቂያ ማሳየት ምን ችግር አለው? የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ጥያቄው ተራ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቀው ነበር። መልሳቸውን በሱቃቸው፣ በእስር ቤትና በመስጂድ ግቢ ውስጥ ሰጥተዋል። ዛሬ የምናወጋችሁ የእነሱን ታሪክ ነው። የሠሩትን ብቻ ሳይሆን ያልሠሩትንም እንነግራችኋለን፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነውና። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስንጠቅስ «ዓ.ም» እንላለን።)

▪ «አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝገቡ»

እንግሊዞች በ1902 የቦር ጦርነትን አሸንፈው ትራንስቫልን ያዙ። ጆሃንስበርግና ፕሪቶሪያ ያሉበት፣ ወርቅ የሚወጣበት ግዛት ነው። በዚያ ከሕንድ የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ከጉጃራት የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ሂንዱዎችም፣ የታሚል ሠራተኞችም፣ ቁጥራቸው አነስ ያለ ቻይናውያንም ነበሩ። ነጮቹ ነጋዴዎች ደግሞ እነዚህ «እስያውያን» ገበያቸውን እንደተሻሙባቸው ቆጥረው ይመረሩ ነበር።

በ1903 የግዛቱ የበላይ አስተዳዳሪ ሎርድ ሚልነር ሕንዶቹን እንዲመዘገቡ መከራቸው። የምክሩ ጭብጥ፦ አንድ ጊዜ ተመዝገቡ፤ ከዚያ በኋላ መብታችሁ የተረጋገጠ ይሆናል፤ ዳግመኛ ተመዝገቡ የሚላችሁ አይኖርም የሚል ነበር። ሕጉ ባያስገድዳቸውም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ሄደው የአውራ ጣታቸውን አሻራ ሰጡ፤ ወረቀቱንም ተቀበሉ። ነገሩ ያበቃ መስሏቸው ነበር።

ሦስት ዓመት አልፎ ኦገስት 22 ቀን 1906 መንግሥት አዲስ ረቂቅ ሕግ በጋዜጣው አወጣ። የድሮው ወረቀት ተመልሶ አዲስ ይወሰድ አለ። ረቂቁ የሚመለከተው በትራንስቫል የሚኖረውን እያንዳንዱን ሕንዳዊ ወንድና ሴት፣ ዕድሜው 8 ዓመት ከሆነው ልጅ ጀምሮ ነበር። መዝጋቢው ሹም በሰውነታቸው ላይ ያለውን ምልክት ይጽፋል፤ የጣቶቻቸውንም አሻራ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፖሊስ በማንኛውም ቦታና ሰዓት «ወረቀትህን» ሲል ማሳየት ግዴታ ነው። ለማጣራት ብሎ ቤት መግባትም ይችላል። የምዝገባ ወረቀቱ የሌለው ሰው የንግድ ፈቃድ አያገኝም። ያልተመዘገበ ይቀጣል፣ ይታሰራል፣ ከግዛቱም ሊባረር ይችላል።

በዚያ ዘመን የጣት አሻራ በሕግ ተገድዶ የሚሰጠው ወንጀለኛ ነበር። አንድ ሙሉ ማኅበረሰብ ከነልጆቹ አሻራ ይስጥ ማለት ሁሉንም በተጠርጣሪነት መመዝገብ ማለት ነው። ሕንዶቹ «ጥቁሩ ሕግ» ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። የ1903ቱ ምዝገባ ውሸት አልነበረም፤ ሚልነርም ቃል የገባው አምኖበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሹም ቃል ሹሙ እስካለ ድረስ ነው። መዝገቡ ግን ይቀራል። ቃሉን የሰጠው ሰው ሲሄድ መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ፣ ለሌላ ዓላማ ይውላል።

▪ በአላህ ስም የተደረገው መሐላ

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1906 ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ጆሃንስበርግ ውስጥ ኢምፓየር በሚባል ቲያትር ቤት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አብዱል ጋኒ የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ያኔ የ36 ዓመት ጠበቃ የነበረው ሞሃንዳስ ጋንዲ ነው።

የተዘጋጀው የአቋም መግለጫ «ሕጉ ከጸደቀ አንገዛለትም፤ የሚመጣውን ቅጣት እንቀበላለን» ይላል። በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ እጅ አውጥቶ መለያየት የተለመደ ነው። ሐጂ ሐቢብ የሚባሉ አዛውንት ተነስተው ግን ይህ መግለጫ በአላህ ስም በመሐላ መጽደቅ አለበት አሉ። ጋንዲ ራሱ በሐሳቡ እንደደነገጠ በኋላ ጽፏል። መሐላ ቀልድ አይደለም። እሱም ተነስቶ ሰዉን አስጠነቀቀ፦ የማለ ሰው ሌላው ሁሉ ቢተወውም ብቻውን መቆም አለበት፤ እስርም፣ ድህነትም፣ ሞትም ሊመጣ ይችላል። ሕዝቡ ይህን ሰምቶ ቆሞ ማለ። ዓለም በኋላ «ሳትያግራሃ» ብሎ ያወቀው ሰላማዊ እምቢታ የተጀመረው በዚያ ስብሰባ ነው።

ከዚያም ሁለት መልእክተኞች ወደ ለንደን ተላኩ፤ ጋንዲና ሐጂ ኦጄር አሊ። ሐጂ ኦጄር አሊ በዚያው ዓመት ጆሃንስበርግ ውስጥ የተቋቋመው የሐሚዲያ እስላማዊ ማኅበር መሥራች ነበሩ። ለንደን ረቂቁን ሳታጸድቅ አቆየችው። ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1907 ትራንስቫል የራሷን አስተዳደር ስታገኝ አዲሱ ምክር ቤት ያንኑ ሕግ በጥቂቱ አሻሽሎ በፍጥነት አጸደቀው። ሴቶችን የሚመለከተው ክፍል ቀደም ብሎ ወጥቶለት ነበር፤ ሌላው ግን ያው ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 1907 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

▪ 13,000 ሰው፣ 500 ፊርማ

በጁላይ መጨረሻ በፕሪቶሪያ መስጂድ ግቢ ትልቅ ስብሰባ ተደረገ። መንግሥት አንድ ታዋቂ ነጭ የምክር ቤት አባል ልኮ «ሕጉን መቃወም ግድግዳን በጭንቅላት መምታት ነው፤ ተመዝገቡ» አስባለ። ያን ጊዜ እስከዚያ ቀን ብዙም የማይታወቁ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ተነሱ፤ አሕመድ ሙሐመድ ካቻሊያ ይባላሉ። ጣታቸውን በጉሮሯቸው ላይ አሳልፈው፣ ብሰቀል እንኳ ለዚህ ሕግ አልገዛም ብለው በአላህ ስም ማሉ።

ብዙ ሰው በስብሰባ ላይ ይምላል። ካቻሊያ ግን ኖሩበት። በትግሉ ምክንያት ነጮቹ አበዳሪዎቻቸው ገንዘባቸውን በአንድ ጊዜ ሲጠይቋቸው ትግሉን ትቶ ሱቁን ማትረፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ሱቁን መረጡና ሰጡ። ዕቃው ተሸጦ አበዳሪዎቹ ሙሉ ገንዘባቸውን አገኙ፤ ካቻሊያ ግን ሀብታቸውን አጡ። ደጋግመውም ታሰሩ። ከ1908 ጀምሮ የማኅበረሰቡ መሪ ሆነው ቆይተዋል።

የመመዝገቢያ ቢሮዎቹ ሲከፈቱ ወጣት በጎ ፈቃደኞች በመንገዱ ላይ ቆመው ለሚመጣው ሰው የሕጉን ምንነት በትሕትና ያስረዱ ነበር። እንዲመታ፣ እንዲሰደብ የተፈቀደለት ሰው አልነበረም። ጊዜው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ኖቬምበር ሲያልቅ ከ13,000 ገደማ ሰው የተመዘገበው ወደ 500 ብቻ ነበር። መንግሥት ማሰር ጀመረ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1908 ጋንዲ የሁለት ወር እስር ተፈረደበት። በዚያው ወር እስር ቤቱ ከመቶ በላይ በሆኑ ነጋዴዎች፣ አዟሪዎችና ሠራተኞች ተሞላ።

▪ አሥሩ ጣቶችና ሚር ዓለም

በጃንዋሪ መጨረሻ ጄኔራል ስመትስ ስምምነት አቀረበ። ሕንዶቹ በፈቃዳቸው ይመዝገቡ፤ በምላሹ ሕጉ ይሻራል ተባለ። ጋንዲ ተቀበለ። በዚያው ሌሊት ወደ ጆሃንስበርግ ተመልሶ በመስጂዱ አጠገብ ሕዝቡን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይከብዳል። ከጉባኤው መሐል አንድ የፓታን ሰው ተነስቶ ጠየቀ፦ «አሥር ጣት የሚሰጠው ወንጀለኛ ነው ያልከን አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ስጡ ትለናለህ?» ጋንዲ መለሰ። ትናንት ተገድዶ መስጠት ውርደት ነበር፤ ዛሬ በፈቃድ መስጠት ክብር ነው አለ። ሰውዬው አልተዋጠለትም። ለመመዝገብ የሚሄደውን የመጀመሪያ ሰው እገድላለሁ ብሎ ዛተ።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን ጋንዲ ሊመዘገብ ወደ ቢሮው ሲሄድ ሚር ዓለም የተባለ ፓታን ከጓደኞቹ ጋር ጠብቆ በዱላ መታው። አብረውት የነበሩትም ተጎዱ። ጋንዲ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ሚር ዓለም የት እንዳለ ነው። እንዳይከሰስም ለመነ። ቢሮው ሄዶ መመዝገብ ስላልቻለ መዝጋቢው ሹም ወዳረፈበት ቤት መጥቶ አሻራውን ወሰደ።

ሚር ዓለምን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ሰውን በዱላ መምታት ሐራም ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጥያቄው ግን የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። አሻራው ያው አሻራ ነው፤ መዝገቡም ያው መዝገብ ነው። ልዩነቱ ያለው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ቃሉ ይጠበቃል ወይስ አይጠበቅም?

ቃሉ አልተጠበቀም። ብዙው ሰው በፈቃዱ ተመዘገበ፤ ጥቁሩ ሕግ ግን አልተሻረም። ስመትስ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠሁም አለ። ሕንዶቹ እጃቸው ላይ የቀረው በፈቃዳቸው የወሰዱት ወረቀት ነበር።

▪ ኦገስት 16 ቀን 1908፣ እሑድ

በዚያ ቀን በሐሚዲያ መስጂድ ግቢ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰበሰበ። በመሐሉ ባለ ሦስት እግር ትልቅ የብረት ድስት ተጥዷል። ለመንግሥት የተሰጠው ቀነ ገደብ የሚያበቃው ያን ቀን ነው። ስብሰባው ሊጀመር ሲል አንድ ወጣት በብስክሌት ቴሌግራም ይዞ ደረሰ። መንግሥት አቋሙን እንደማይለውጥ ይናገራል። ሕዝቡ ሲሰማ በእልልታና በጭብጨባ ተቀበለው።

የምዝገባ ወረቀቱና የንግድ ፈቃዱ ወደ ድስቱ ገባ፤ በጠቅላላው ወደ 2,000 የሚጠጋ ወረቀት። ላምባ ፈሰሰበት። የሕንዶች ማኅበር ሰብሳቢ የነበሩት ዩሱፍ ሚያን እሳቱን ለኮሱ። በዚያ ቀን ሚር ዓለምም መጥቶ ነበር። መምታቱ ስህተት እንደነበር በሕዝብ ፊት ተናገረና ወረቀቱን አስረከበ። ጋንዲ እጁን ይዞ ቂም እንደሌለው ነገረው። በቦታው የነበሩ የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ነገሩን ከአሜሪካው የቦስተን የሻይ እምቢታ ጋር አወዳደሩት።

ዛሬ ከመስጂዱ ፊት ለፊት የዚያ ድስት መታሰቢያ ቆሟል። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች፣ ከእናንተ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ጁሙዓ ጎራ ብላችሁ እዩት።

▪ ያልተቃጠለው ወረቀት

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር እዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን እንቀጥላለን።

ሕንዶቹ ወረቀታቸውን ሲያቃጥሉ እዚያው ከተማ ውስጥ ጥቁር አፍሪካዊው የማዕድን ሠራተኛ የይለፍ ወረቀት ተሸክሞ ይኖር ነበር። ለሱ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በኬፕ ቅኝ ግዛት በ1760 ባሪያዎች ከከተማ ገጠር ሲሄዱ የጌታቸውን ወረቀት እንዲይዙ ታዝዞ ነበር። ከእነዚያ ባሪያዎች ብዙዎቹ ከእስያ ደሴቶች በሰንሰለት የመጡ ሙስሊሞች እንደነበሩ አንርሳ። በ1809 ደግሞ የአገሬው ተወላጅ ኮይኮይ ያለ ወረቀት እንዳይንቀሳቀስ ተደረገ። ወርቅ ሲገኝ የማዕድን ባለቤቶች ሠራተኛው እንዳይሸሽባቸው በ1896 ሌላ የይለፍ ሕግ አስወጡ።

የ1908ቱ የመስጂዱ ግቢ ተቃውሞ ስለዚህ ወረቀት አልነበረም። እንዲያውም ጋንዲ በዚያ ዘመን በጻፋቸው ጽሑፎች ሕንዶች ከጥቁሮች ጋር በአንድ መመደባቸውን እንደ ውርደት ይቆጥር ነበር። የማኅበረሰቡ ጥያቄ «ማንም ሰው እንዲህ አይደረግበት» ሳይሆን «እኛ ላይ ይህ አይደረግብን» የሚል ነበር። ጀግንነታቸው እውነት ነው፤ ጉድለታቸውም እውነት ነው። ሁለቱንም መያዝ አለብን።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ1914 ሕንዶቹ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። ከአንድ ዓመት በፊት ፍርድ ቤት በክርስቲያን ሥርዓት ያልተፈጸመ ጋብቻን ሕጋዊ አይደለም ብሎ የሙስሊሙንም የሂንዱውንም ኒካሕ ዋጋ አሳጥቶት ነበር፤ ያ ተስተካከለ። ጋንዲም ወደ አገሩ ተመለሰ። ማሽኑ ግን ባለበት ቆመ፤ አልፈረሰም። ጥቁሮቹ ከነወረቀታቸው ቀሩ።

ከዚያ ማሽኑ አደገ። በ1950 የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ወጣና እያንዳንዱ የደቡብ አፍሪካ ነዋሪ በዘር ተመድቦ በመዝገብ ሰፈረ። በ1952 ስሙ «የይለፍ ወረቀቶች ማስቀሪያ» የሆነ ሕግ መጣ። ስሙ ማስቀሪያ ይሁን እንጂ ያደረገው የተበታተኑትን ወረቀቶች አንድ ደብተር ማድረግ ነበር። ዕድሜው 16 የሞላ ጥቁር ሁሉ ፎቶው፣ አሻራው፣ የአሠሪው ፊርማና ግብር መክፈሉ የሰፈረበትን ደብተር ሁልጊዜ መያዝ ግድ ሆነበት። ያለ ፈቃድ ከተማ ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው የሚያገኘው ስጦታ ይህ ደብተር ነበር። ከ1916 እስከ 1984 ባለው ጊዜ በይለፍ ሕግ የተያዘው ወይም የተከሰሰው ሰው ከ17 ሚሊዮን በላይ ነው።

«እኛን አይመለከትም» ያሉትስ? ዘር የሚመድበው መዝገብ ሰፈር የሚከፋፍል ሕግ ወለደ። ከሐሚዲያ መስጂድ አቅራቢያ ያለው፣ ሕንዶች ሱቅና ቤት የነበራቸው የፔጅቪው ሰፈር ለነጮች ተብሎ ፈረሰ። የዚያ ድስት ባለቤቶች የልጅ ልጆች ከከተማው ርቆ ወደሚገኘው ሌናሲያ ተወሰዱ። በጎረቤታቸው ላይ የተሠራው ማሽን ዞሮ እነሱንም ፈጫቸው።

ነገር ግን ልጆቹ ከአባቶቻቸው ተምረው ነበር። በ1952 የይለፍ ሕግንና ሌሎች የግፍ ሕጎችን ለመጣስ የተጠራውን የእምቢታ ዘመቻ ከመሩት መካከል የአሕመድ ካቻሊያ ሁለት ልጆች፣ ማውላና ኢስማዒልና ዩሱፍ፣ ይገኙበታል። በዚህ ጊዜ ከኔልሰን ማንዴላና ከዋልተር ሲሱሉ ጎን ቆመው ነው። ከ8,000 በላይ ሰው በፈቃዱ ታሰረ። ኦገስት 9 ቀን 1956 ደግሞ ወደ 20,000 ሴቶች የይለፍ ደብተርን ተቃውመው ፕሪቶሪያ ወዳለው የመንግሥት ሕንፃ ሄዱ። ከፊት ከነበሩት አራት መሪዎች አንዷ ራሂማ ሙሳ ናት። አባት ለራሱ ብቻ የጠየቀውን ልጅ ለሁሉም ጠየቀ።

ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ሰዎች ደብተራቸውን እቤት ትተው «እሰሩን» ብለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊስ ተኮሰ። በይፋ የተነገረው የሟች ቁጥር 69 ነው። የይለፍ ሕጉ የተሻረው ከዚያ 26 ዓመት ዘግይቶ በ1986 ነው።

▪ ያው ሰው፣ ሁለት ወረቀት

ከሻርፕቪል ቀጥሎ በነበሩት ቀናት ማንዴላ የይለፍ ደብተሩን በአደባባይ አቃጠለ። በ1962 ከአገሩ በድብቅ ወጥቶ ወደኛው አዲስ አበባ መጣ። ኮልፌ ሠልጥኗል። ኢትዮጵያ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጥታው አፍሪካን ዞረበት። ተመልሶ ሲያዝ ከተፈረደበት አምስት ዓመት ሁለቱ «ያለ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ ከአገር ወጣ» ተብሎ ነው።

ይህን ነገር ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። ይህ ሰው የወረቀት ጠላት አልነበረም። አንዱን ወረቀት አቃጥሎ ሌላውን በደረት ኪሱ ይዟል። ያቃጠለው በር የሚዘጋበትን ነው፤ የያዘው ደግሞ በር የሚከፍትለትን። ስለዚህ «መታወቂያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው። መታወቂያ የሌለው ድሃ ባንክ አይገባም፣ ውርስ አያስከብርም፣ ስሙን ማስረዳት አይችልም። የስደት ወረቀታቸውን በየጥቂት ወሩ ለማደስ ተሰልፈው የሚውሉ ወንድሞቻችን ወረቀት ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል።

▪ ወደ ዛሬ ስንመለስ

በብሪታንያ ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ የብልግና ይዘት ያላቸው ድረ ገጾች የተጠቃሚውን ዕድሜ በትክክል እንዲያጣሩ በሕግ ተገድደዋል። አንዱ ፊትህን ይቃኛል፤ ሌላው የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቃል። አውስትራሊያ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በትልልቅ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። በሁለቱም አገር የኛው ልጆች ይኖራሉ።

እውነቱን እንናገር። ልጆቻችን ከብልግና እንዲጠበቁ ከማንም በላይ እንፈልጋለን። ዓላማው ላይ ጠብ የለንም። ግን አሠራሩን እንመልከት። ማን ልጅ እንደሆነ ለመለየት መጠየቅ ያለበት ሁሉም ሰው ነው። ዘበኛው «ልጆችን ብቻ ነው የምከለክለው» ቢልም በሩ ላይ የሚፈተሸው አዋቂው ሁሉ ነው። የተሰበሰበውስ የት ይሄዳል? በ2025 ዲስኮርድ የተባለው መተግበሪያ፣ ዕድሜያቸውን ለማስረዳት መታወቂያቸውን ከላኩ ሰዎች ወደ 70,000 የሚሆኑት የመታወቂያ ፎቶ ለሱ በሚሠራ ሌላ ድርጅት በኩል ሳይሾልክ እንዳልቀረ አሳውቋል። ልጅን ለመጠበቅ የተሰጠ መታወቂያ በሌባ እጅ ገባ ማለት ነው።

አገር ቤትም ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዓ.ም ተቋቁሟል። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ለዓመታት ሲጻፍ የኖረው የብሔር መስመር በፋይዳ ካርድ ላይ የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ በመታወቂያ ላይ የጻፉት የዘር መስመር በ1994 በየኬላው ሰው ሲያስገድል ዓለም አይቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ የኛ ምክር ወረቀት አቃጥሉ አይደለም። ምክራችን ጠይቁ ነው። የጆሃንስበርግ ሰዎች የሚያስተምሩን አምስት ጥያቄዎች አሉ፦

1. ማን፣ የት፣ መቼ ሊጠይቀኝ ይችላል? ባንክ ቤት መጠየቅና መንገድ ላይ ቆሞ መጠየቅ አንድ አይደለም።

2. ባይኖረኝ ምን ይወሰድብኛል? የ1907ቱ ሕግ ጉልበት ቅጣቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ወረቀቱ የንግድ ፈቃድ መከልከሉ ላይ ነበር። እንጀራ የተንጠለጠለበት «ፈቃደኝነት» ፈቃደኝነት አይደለም።

3. ለዚህ ጉዳይ የሰጠሁት መረጃ ነገ ለሌላ ጉዳይ ይውላል? የሚልነርን ቃልና የስመትስን ስምምነት አስታውሱ። ቃል በሕግ ካልተጻፈ ቃል ብቻ ነው።

4. ስህተት ቢፈጠር ወይም ብበደል ለማን አቤት እላለሁ? አቤት የሚባልበት ደጅ የሌለው መዝገብ አደገኛ ነው።

5. ፍተሻው በጎረቤቴ ላይ ብቻ ሲመጣ ምን አደርጋለሁ?

አምስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ፍተሻ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ማንም የማይከራከርለት ሰው ላይ ነው፤ በመጤው፣ በድሃው፣ ሃይማኖቱ ወይም ቋንቋው በሚለየው ላይ። ያን ቀን «የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል» ማለት ይቀላል። የሐሚዲያ ጀማዓ የሚደብቀው አልነበረውም። ሁሉም ስማቸውም ሱቃቸውም የሚታወቅ ሰዎች ነበሩ። የተቃወሙት ስማቸው እንዳይታወቅ ፈርተው አይደለም፤ ወንጀል ሳይሠሩ እንደ ወንጀለኛ መቆጠርን እምቢ ብለው ነው። የጎደላቸው ነገር፣ ያንን እምቢታ አጠገባቸው ለቆመው ጥቁር ሠራተኛም አለማድረጋቸው ነው። ያንን ለመሙላት ልጆቻቸው 44 ዓመት፣ አገሪቱ ደግሞ 78 ዓመት ፈጀባት።

እናንት የዘመኑ ወጣቶች፣ አሻራችሁን ስትሰጡ ዐይናችሁን ከፍታችሁ ስጡ። አዋጁን አንብቡ፤ መብታችሁን እወቁ። ነገ ወረፋ ላይ ከፊታችሁ የቆመው ሰው በስሙ፣ በአለባበሱ ወይም በአነጋገሩ ምክንያት ብቻ ተለይቶ «አንተ ና ወዲህ» ሲባል ካያችሁ፣ ሙስሊምም ይሁን አይሁን፣ ወረፋው የናንተም መሆኑን አስታውሱ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።